«ልጄን መሳቂያ ልታደርጉት ነው» ላለች እናትና ለእህታችን ጥያቄ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንዲት እህታችን ከባህር ዳር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ታላቅ ወንድሜ ጣና ላይ ጀልባ ነጂ ነበር፣ እንግዳ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚያመላልስ። የዛሬ ሁለት ዓመት ከሞተር ሳይክል ወድቆ ጭንቅላቱ ተጎዳ፣ ዘጠኝ ቀን ራሱን አያውቅም ነበር። አሁን ይራመዳል ይናገራል፣ ግን ቃል ይጠፋበታል፣ ቶሎ ይደክመዋል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ ያለቅሳል። በቅርቡ ለጤና ተማሪዎችና ለነርሶች ስለራሱ እንዲናገር ጠየቁት። እሱ ደስ ብሎታል፣ እናታችን ግን ልጄን መሳቂያ ልታደርጉት ነው ብላ አኩርፋለች። ዶክተር፣ ይናገር ወይስ ይቅር? ከተናገረስ እንዴት እናዘጋጀው?»

እህቴ በመጀመሪያ እግዜር ይማርላችሁ። ሁለተኛ ዶክተር አደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ይሄን የምልሽ ለመኮፈስ ሳይሆን ዶክተር ብለሽ ስለ መድኃኒቱ እንዳትጠይቂኝ ነው። ጭንቅላታቸውን የተጎዱ ሰዎችን ማስነሳትና ማራመድ ነው ስራዬ፣ ከዛ ጎን ለጎን ደሞ አገግመው የወጡትን እየለመንኩ ለተማሪዎች እንዲናገሩ ሳደርግ ዓመታት አለፉ፣ ያማረልኝ ቀን አለ፣ ያበላሸሁበትም ቀን አለ፣ ሁለቱንም እነግርሻለሁ።

መልሴ ይናገር ነው። ጭንቀቱ ያለው ምን ይናገር የሚለው ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጋባዦቹም እናንተም ምናልባት እሱ ራሱም የምታስቡት አደጋውን እንዲያወራ ይመስለኛል፣ ሞተሩ እንዴት እንደተገለበጠ፣ ደሙ፣ አምቡላንሱ፣ ዘጠኙ ቀን፣ ከዛ ተአምሩ። እሱን ተዉት። አንደኛ እሱ አያውቀውም። ዘጠኝ ቀን ራሱን ካላወቀ የዛን ሰሞን ነገር አእምሮው ውስጥ አልተቀዳም፣ የሆነ ቦታ ተደብቆ አንድ ቀን የሚመጣ ነገር አደለም፣ ሲጀመር አልተመዘገበም፣ ከአደጋው በፊት ያሉት ሰዓታትም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚ አደጋውን ሲያወራ የሚያወራው እናንተ የነገራችሁትን ነው። ባሰ ደሞ የተጎዳ አእምሮ ክፍተት ሲያገኝ ራሱ ይሞላዋል፣ ዛሬ ባጃጅ ገጨኝ ነገ በሬ ገባብኝ ሊል ይችላል፣ ሐኪሞች ኮንፋቡሌሽን ይሉታል፣ ሰውየው እየዋሸ አደለም፣ እውነት ነው ብሎ ነው፣ ግን ከሰሚዎቹ አንዱ «ባለፈው እንዲህ አላልክም ነበር?» ብሎ ቢጠይቀው በሰው ፊት ይዋረዳል። ሁለተኛ አደጋውንማ ነርሶቹ ከሱ በላይ ያውቁታል፣ ባህር ዳር ውስጥ ኢመርጀንሲ የሰራ ሰው የሞተርና የባጃጅ ጭንቅላት ስንት አይቷል።

የማያውቁት ከበር ወዲያ ያለውን ነው።

ነርሷ ወንድምሽን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው እናንተ ደግፋችሁት ባጃጅ ውስጥ ስታስገቡት ነው፣ ካርዱ ላይ ተሻሽሎ ወጥቷል ተብሎ ተጽፏል፣ ለሷ ታሪኩ እዛ ጋ አለቀ፣ ያውም ደስ በሚል መልኩ አለቀ። እሱ ደሞ የጀመረው እዛ ጋ ነው። ተማሪዎቹ ግላስጎ ኮማ ስኬል ሚባለውን፣ የተጎዳ ሰው ምን ያህል ራሱን እንደሚያውቅ የሚለካበትን፣ ይሸመድዳሉ፣ 1974 ላይ (በፈረንጆቹ) ግላስጎ ከተማ ቲስዴልና ጄኔት የሚባሉ ሐኪሞች ያወጡት ነው፣ ዓይን ለመክፈት እስከ 4፣ ለንግግር እስከ 5፣ ለእንቅስቃሴ እስከ 6 ይሰጥና ድምሩ 15 ይሆናል፣ 8 እና ከዛ በታች ከባድ ነው። ጎበዝ መለኪያ ነው፣ ነፍስ ያድናል፣ ቅሬታ የለኝም። ግን 15 ከ15 ያገኘ ሰው ቤቱ ገብቶ ሽሮ መስራት ሊያቅተው ይችላል፣ ሽንኩርቱን ያቁላላና ውሃ ሊያመጣ ሄዶ በዛው በር ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ለምን እንደወጣ ጠፍቶት። ይሄን የሚለካ ቁጥር ካርዱ ላይ የለም። ሲቲ ስካንም እንደዛው፣ ደም መፍሰሱንና ስብራቱን ያሳይሻል፣ ቀጫጭኖቹ የነርቭ ክሮች ተወጥረው ሲጎዱ ግን ብዙ ጊዜ አያሳይም፣ «ሲቲው ክሊን ነው» የተባለ ሰው ከዛ በኋላ ድካሜ፣ ራስ ምታቴ፣ ጩኸት አልችልም ባለ ቁጥር አውቆ ነው፣ ሰንፎ ነው ይባላል። የቤተሰብ ሐሜት ብቻ ቢሆን በስንት ጣሙ፣ ከባለሙያም አፍ ሰምቼዋለሁ።

ስለ ጩኸት ካነሳሁ አይቀር የቡናውን ነገር ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እንዲህ አይነቱን ነው ወንድምሽ እንዲናገር የምፈልገው። አንድ የማውቀው ሰው ጎረቤት ቡና ሲጠራ አቦሉን ይጠጣና ይነሳል፣ ቶና አይደርስም፣ በረካማ ጭራሽ። ሰፈሩ ኮራ አለው፣ ከአደጋው ወዲህ ሰው ናቀ አሉ። ነገሩ እኮ ስድስት ሰው ባንዴ ሲያወራ፣ ሲኒ ሲንቃጨል፣ ቴሌቪዥኑ ሲጮህ፣ ውጪ ባጃጅ ክላክስ ሲያደርግ የሱ አእምሮ አንዱን ከአንዱ መለየት አይችልም፣ ጤነኛ አእምሮ ሳናውቀው የማያስፈልገውን ድምጽ ያጠፋልናል፣ የሱ አያጠፋም፣ ሁሉም እኩል ገብቶ ይደበድበዋል፣ ሃያ ደቂቃ ከታገሰ ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር እንደዋለ ሰው ነው የሚደክመው። ይሄን ተማሪ ከሌክቸር ቢሰማው ለፈተና ይይዘዋል፣ አቦል ጠጥቶ ከሚነሳው ሰው አፍ ሲሰማው ግን በማግስቱ ዋርድ ገብቶ ሬዲዮ ሲጮህ ያጠፋል። ይሄን ያልኩት በግምት አደለም፣ አይቻለሁ።

አሁን ያበላሸሁትን ቀን ልናዘዝ። የመጀመሪያው ጊዜ ላይ ነው፣ ሰውየው በያጅ ነበር፣ ከፎቅ ወድቆ ነው የተጎዳው። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ጠራሁት፣ የባህር ዳር የሚያዝያ ሙቀት፣ ክፍሉ በተማሪ ጢም ብሏል፣ ጣራው ላይ ቬንትሌተር ይንቋቋል፣ እኔ ደሞ ጎበዝ ነኝ ብዬ ስላይድ አዘጋጅቼ የሱን ሲቲ ግድግዳው ላይ ለቅቄ «እዚህ ጋ እንደምታዩት» እያልኩ ሳብራራ እሱ አጠገቤ ቆሟል። ተራው ሲደርስ ሁለት አረፍተ ነገር ተናግሮ ቆመ። ቃሉ ጠፋው። ከፊት ያለች ልጅ አዝናለት «አደጋው?» አለችው፣ ሌላው «ሆስፒታሉ?» አለ፣ እኔም ጨመርኩበት፣ ሶስታችን ቃል ስንወረውርለት እሱ ፊቱ ቀላ፣ «ዝም በሉ!» ብሎ ጮኸና ወጣ። ሶስት ቀን ከአልጋ አልተነሳም ብላ ሚስቱ ደወለችልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሱ አደለም። ሰውየውን ለአስተማሪነት ጠርቼ እንደ ራጅ አቆምኩት።

ጉድ የሚያሰኘው ከሁለት ወር በኋላ ራሱ ደውሎ «እንደገና ልምጣ፣ ግን በኔ አካሄድ» አለኝ። መጣ። ጠዋት ሶስት ሰዓት፣ ቬንትሌተሩ ጠፍቶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ከኋላ ከተማሪዎቹ ጋር። መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ሶስት ቃል ጽፏል፣ ሚስቴ፣ ቡታጋዝ፣ ዝምታ። ሲጀምር እጁን ከፍ አርጎ «ቃል ሲጠፋኝ እጄን እንዲህ አደርጋለሁ፣ አትንገሩኝ፣ ጠብቁኝ» አለ። ከዛ ቡታጋዙን ስንቴ ሳያጠፋ እንደወጣ፣ አሁን ከበሩ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ ጨርቁን ሲያይ ተመልሶ እንደሚያይ ነገራቸው። መሀል ላይ ቃል ጠፋውና እጁ ወደ ላይ ወጣ። ክፍሉ ውስጥ ሃምሳ ምናምን ሰው አለ፣ አንድ ድምጽ የለም፣ ከውጪ የወፍ ድምጽ ብቻ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ይሆናል፣ ለኔ ግን ዓመት ነው የመሰለኝ። «ትዕግስት» አለ በመጨረሻ። ቃሉ ትዕግስት ነበር፣ ራሱም ሳቀ። መጨረሻ ላይ አንዱ ተማሪ ከሆስፒታል ስትወጣ ምን ብንነግርህ ኖሮ ይጠቅምህ ነበር ብሎ ጠየቀው፣ እሱም «ለኔ ምንም፣ እኔ እረሳዋለሁ። ለሚስቴ ነበር መንገር። እንደምቆጣ ማንም አልነገራትም፣ የጠላኋት መሰላት» አለ። እኔ ሌክቸር የማደርገው ነገር ነው ይሄ፣ ከፊት ለፊት የአእምሮ ክፍል ጉዳት የተነሳ ቁጣን መቆጣጠር ማቃት ምናምን እያልኩ፣ ግን እንደዛ አድርጌ ተናግሬው አላውቅም።

በነገራችን ላይ ከፊት አእምሮው ሲነሳ ሁሉም ተማሪ የሚያውቀው ፊኒያስ ጌጅ የሚባል አሜሪካዊ አለ፣ የባቡር ሐዲድ ሰራተኛ፣ 1848 ላይ በፈንጂ የተፈናጠረ ብረት ጉንጩ ስር ገብቶ በአናቱ ወጥቶ ተርፏል። ከዛ በኋላ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ፣ ተሳዳቢ ግብረገብ የሌለው ሆነ እየተባለ እስከዛሬ ይተረካል። ግን ያው ሰው በኋላ ቺሊ ሄዶ በፈረስ የሚጎተት የመንገደኛ ሰረገላ ለዓመታት ነድቷል፣ ያን መንገድ ለመንዳት ደሞ ማቀድ፣ ትዕግስት፣ ከመንገደኛ ጋር መግባባት ይጠይቃል፣ ይሄ ብዙ ጊዜ ክፍል ውስጥ አይነገርም። በዓለም ላይ ስለሱ ያህል የተጻፈለት የጭንቅላት ተጎጂ የለም ማለት ይቻላል፣ ከራሱ አንደበት የተመዘገበው ግን እፍኝ አይሞላም፣ ሁሉም ስለሱ ያወራል፣ እሱን የጠየቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ጀልባ ነጂው ወንድምሽ ይሄን ታሪክ ቢሰማ የሚወደው ይመስለኛል።

ወደናንተ ልመለስ። እናታችሁ መሳቂያ ይሆናል ያሉት ነገር ከመሬት ተነስተው አደለም፣ እኔ ራሴ በያጁን እንደዛ አድርጌዋለሁ። ጎርደን ኦልፖርት የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ 1954 ላይ ያለው ነገር አለ፣ ሰዎች የናቁትን ሰው በአካል ሲያገኙት ንቀታቸው የሚቀንሰው እኩል ሆነው ሲገናኙ ነው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆኖ ከሆነ ዋጋ የለውም። ይሄ እኩልነት ሚባለው ነገር በተግባር በጣም ትናንሽ ነገር ላይ ነው ያለው፦ ወንበር አለው ወይ፣ «አቶ እገሌ» ተብሎ ይተዋወቃል ወይስ «ይሄ ፔሸንት»፣ ጥያቄው ለሱ ይቀርባል ወይስ እሱ እዛው ቁጭ ብሎ ለአንቺ። አበሉም አለ። ለሌላ ተጋባዥ መምህር አበል ተከፍሎ ለሱ ሚሪንዳና ዳቦ ከተሰጠው እናታችሁ ልክ ናቸው፣ ሳታፍሪ ጠይቂ፣ ቢያንስ የኮንትራት ባጃጅ ሂሳብ። የተጠራው ሰባታሚት ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ከሆነ ደሞ መንገዱ ራሱ ያደክማል፣ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱና ዛፍ ጥላ ስር ይረፍ። እናታችሁን ብትችሉ ይዛችኋቸው ሂዱ፣ ከኋላ ይቀመጡ።

ይፈልጋል ብለሻል፣ እሱን ግን አጣሪ። እንዲህ አይነት ጉዳት ያለበት ሰው አንዳንዴ የራሱን ችግር አያየውም፣ ምንም አልሆንኩም ብሎ ያምናል፣ አንዳንዴ ደሞ ሰው ሲጠይቀው እምቢ ማለት ይከብደዋል። እኔ የማደርገው በሶስት የተለያየ ቀን መጠየቅ ነው፣ አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ሲደክመው፣ አንዱን ሲናደድ። ማን እንደሚሰማው፣ ምን እንደሚጠየቅ፣ መሀል ላይ ማቆም እንደሚችል ንገሪውና በራሱ አፍ መልሶ እንዲነግርሽ አድርጊ። ሶስቱንም ቀን እሺ ካለ እሺ ነው። ሰሞኑን የሚጥል በሽታ ነገር አግኝቶት ከሆነ፣ ወይ መኖር ሰለቸኝ አይነት ነገር ካለ ግን ንግግሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ።

ዝግጅቱ ላይ አታብዢ። ንግግር ጽፋችሁ አታስጠኑት፣ የተጻፈ ነገር መሀል ላይ ከጠፋው የት እንደነበረ አያገኘውም። ሶስት ቃል ወይ ሶስት ስዕል ይበቃዋል። እንደውም እሱ ጀልባ ነጂ ስለሆነ አንድ ነገር ታየኝ፣ ድሮ እንግዳ ሲያሳፍር በቅደም ተከተል የሚያደርገው ነገር አለ አደል፣ ቤንዚኑ፣ የሕይወት ጃኬቱ፣ ሰው መቁጠሩ፣ ገመዱን መፍታቱ፣ አሁን ከነዚህ የቱ ጋ እንደሚምታታበት ቢነግራቸው ከማንኛውም ስላይድ ይበልጣል፣ እጁም ስለሚያስታውሰው ቃል ቢጠፋው በእጁ ያሳያል። አስራ አምስት ደቂቃ ይናገር፣ ትንሽ ይረፍ፣ ከዛ ሃያ ደቂቃ ጥያቄ፣ ጥያቄው አንድ በአንድ፣ ቢቻል ቀድሞ ተጽፎ ይምጣለት። ጠዋት ይሁን። ማግስቱን ምንም ነገር አታስይዙት፣ ለቅሶም ቢሆን ሌላ ሰው ይድረስ።

አንቺን በተመለከተ ከባዱ ስራ ያንቺ ነው፣ ዝም ማለት። እህት ነሽ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አረፍተ ነገሩን ስትጨርሺለት ኖረሻል፣ እዛም ምላስሽ ይበላሻል። ቢያለቅስስ ላልሽው፣ ከእንዲህ አይነት ጉዳት በኋላ እንባ ሁሌ ሐዘን አደለም፣ አእምሮው ስሜትን የሚገታበት ፍሬን ስለላላ ቀላል ነገርም ያስለቅሰዋል፣ ሳቅም እንደዛው። ቀድሞ ራሱ ይንገራቸው፣ «ካለቀስኩ አትደንግጡ፣ ውሃ ስጡኝና ጠብቁ» ይበል። ከተቆጣም መውጫ በር ቅርብ ይሁን፣ አብራችሁ ወጥታችሁ ትንሽ ተራመዱ፣ መመለስ ካልፈለገ አለቀ።

የተቀየመው ሰው እንዳለ ጽፈሻል፣ የሆነች ነርስ እሱ እየሰማ «ይሄ በቃ አትክልት ነው» ያለችውን። ይናገረው፣ ይሄ በጣም ጠቃሚ ነው፣ አይሰማም የተባለ ሰው ሊሰማ እንደሚችል ማንኛውም ነርስ ማወቅ አለባት። ግን ስም አይጥራ፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነም አያስፈልግም፣ ስም ከተነሳ ክፍሉ ስለ ነርሷ ማውራት ይጀምርና ትምህርቱ ይጠፋል። የካሳ ወይ የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ጉዳይ ፍርድ ቤት ላይ ካለ ደሞ ጠበቃችሁን ሳትጠይቁ ስለ አደጋው ምንም እንዳይል፣ ይሄም አደጋውን ተዉት ያልኩበት ሌላው ምክንያት ነው። ቪዲዮ አይቀረጽ። «ለትምህርት ነው» ይባልና ማታ ቲክቶክ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ከመግባታችሁ በፊት ከጋባዦቹ ጋ ጨርሱት።

ስለ ጠበሉ ደሞ፣ እሱ ጠበል መጠመቁን ለተማሪዎቹ ይናገር ወይስ ይደብቅ ብለሽ ጠይቀሻል። ለምን ይደብቃል? እዚህ አገር ጸባዩ የተለወጠን ሰው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚወስደው ጠበል ነው፣ ተማሪው ይሄን ካላወቀ ታካሚው ሁሌ ይዋሸዋል። ዋናው ነገር እዛ በነበረበት ጊዜ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ እሱን አቋርጦ ነበር ወይ የሚለው ነው፣ ካቋረጠና ከዛ በኋላ ከጣለው እሱን ሳይሳቀቅ ይንገራቸው፣ ባለሙያው «ጠበል አትሂድ» ከሚል «ጠበሉንም ተጠመቅ መድኃኒቱንም ዋጥ» ማለት እንዳለበት የሚገባው ከሱ ነው። ለራሱም ልንገርሽ፣ ከንግግሩ በፊት ያለው ሌሊት ማሕሌት አይቁም፣ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ሊጥለው ይችላል።

ኮፍያውስ ላልሽው፣ ጠባሳው እንዳይታይ ሁሌ ኮፍያ ያደርጋል ብለሻል፣ እናታችሁም ሱፍ ይልበስ ኮፍያውን ያውልቅ ነው የሚሉት። ሱፉ አንገቱን ካላነቀው ይልበስ። ኮፍያውን ግን ማንም አያውልቅበት፣ ሲፈልግ ራሱ ያወልቃል፣ ካወለቀ ደሞ አንዱ ተማሪ ተነስቶ ልየው ልንካው ማለቱ አይቀርም፣ በያጁ ጊዜ ሆኗል፣ «በዓይንህ ይበቃል» ነው ያለው። ይሄን መልስ ለወንድምሽ አስተምሪው፣ ቀኑ ሲቆረጥ ደሞ ጻፊልኝ።